በጎን መስታወት

ኸይሪያ ስትደውል ጎማ አስነፋ ነበር፤
«ገመድ አለህ?» አለች። «አለኝ» አልኩ፣ «ምን ችግር!»
ገመድ የሌለው ማነው ባጃጅ እየነዳ፣
ባልደረባው ቆሞ ጎትቶ የማይረዳ?
መኪና መስሎኝ ነበር የሚጎተት ዕቃ፤
«እኔን ነው» አለችኝ፣ ሳቋ ሳያበቃ።

አባቷን ነዚፍን ሂርማታ ያውቀዋል፤
ከአንድ ግንድ በርጩማ ሳይቀጥል ያወጣል።
እሷ የጠረበችው በርጩማም አይባል፤
አንድ እግር ብቻ አለው፣ እግሩም ክንፍ አብቅሏል።
ሰሌዳው ዋንዛ ነው፤ ምሰሶው የመስኮት ፍሬም፤
ክንፉ የጣራ ማራገቢያ፣
ስንት ሌሊት እንደሞረደችው አላውቅም።

«ፎይል ይባላል» ብላ በስልኳ አሳየችኝ።
ባሕር አለ፣ ሰዎች አሉ፣ ሰሌዳቸው ውሃ አይነካም፤
ክንፉ ውሃ ውስጥ ይበራል፣
ሰውየው አየር ላይ ይቆማል።
«ዐምና ጥቂት ነበሩ» አለች፣ «ዘንድሮ ቁጥር የላቸው፤
በነፋስ፣ በሞተር፣ በጉልበት ብቻ፤
የሸበቱ አሉ፣ ጥርስ ያልቀየሩ ልጆች አሉ።»

«ስንት ነው?» አልኳት። እኔ ሁሉን በባጃጅ ነው የምለካው።
«ያለ ሞተር አንድ ባጃጅ፣ ባለ ሞተሩ ሦስት፣
ያውም ቀረጥ ሳይነካው።»
ጉምሩክ ደውላ ነበር።
«ጀልባ ነው?» «አይደለም።» «አውሮፕላን?» «እሱም አይደለ።»
«ታዲያ በምን መደብ እናስገባው?» ብሎ ሰውየው ዝም አለ።

ዋጋው ብቻ በሆነ!
ዋና የት ይለመዳል? አዌቱ ከጉልበት አያልፍም፤
ቦዬ ጉማሬ አለው፣ ጉማሬ ለጀማሪ አያዝንም፤
የሆቴሉ ገንዳ መግቢያው የቀን ገቢዬን ይውጣል፣
ዙሪያውን ቢራ የያዘ ዐይን ወንበር ስቦ ተቀምጧል።
እናቷ «ሴት ልጅ ውሃ ላይ ቆማ ማን ሊያያት?» ትላለች፤
እሷ ግን ከአክስቷ ልጆች ጋር፣
ጊቤ ዳር፣ ሳይነጋ ተማረች።

ግድቡ ዳር ስንደርስ ዘበኛው ዱላውን ይዞ መጣ።
«ፈቃድ አላችሁ?» «ለምኑ?»
«ለ . . .» ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ
ሰሌዳውን ዞረው፣ በጣቱ ክንፉን ነካ፤
ስም የሌለውን ነገር መከልከል ከባድ ነው ለካ።
ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ከጀርባዋ ሁለት ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣
ሻርፗ አገጯ ሥር ሁለቴ ተቋጥሮ፣
«ንዳው!» አለች።
ነዳሁ። ወደቀች። ነዳሁ። ወደቀች።
አራተኛው ላይ አንዱ ጀሪካን ብቻውን ዳር ደረሰ፤
ስድስተኛው ላይ የነዳጁን መርፌ አየሁ፣
ልቤ ወደ ጅማ ተመለሰ።
«አንዴ ብቻ» አለች፣ ውሃ እየተፋች።

ሰባተኛው ላይ ገመዱ ቀለለ።
ተበጠሰ ብዬ ደነገጥኩ፤ መሪው እጄ ላይ ላላ፤
ውሃውን በጥፊ የሚመታው ድምፅ ጠፋ።
በጎን መስታወት አየሁ። ስንጥቅ ነው መስታወቴ፤
ሁለት ኸይሪያ፣ አንዷ ከስንጥቁ በላይ፣ አንዷ በታች፣
ሁለቱም ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ ብለው፣
ጉልበታቸውን አጥፈው፣ አፋቸውን ከፍተው።
እስከ አሥር ልቆጥር ነበር።
ስምንት ላይ የሰመጠ የግራር ጉቶ ክንፉን ያዘው።

ዘበኛው መቼ እንደተነሣ አላየሁም።
«እዚያ ጋ» አለ፣ «አሁን ያለፈችበት፣
የአባቴ በቆሎ ነበር፣ ውሃው ሳይተኛበት።»
ሌላ አልጨመረም።

ስንመለስ የኋላ ወንበሬ ጭቃ ሆነ፤
የተጣመመው ክንፍ እቅፏ ውስጥ።
«ሒሳብ?» አለች አጂፕ ስንደርስ።
«ሲቃና ትከፍይኛለሽ።»

በሳምንቱ ሦስት ልጆች ሰልፍ ላይ አገኙኝ፤
«ገመድ ያለው አንተ ነህ?» አሉኝ።
አንዳቸውም ዋና አይችሉም። እኔም አልችልም።
አዲስ ገመድ ገዛሁ።
መስታወቱን ግን አላስቀየርኩትም።